ሚስቱን ይዞ ለመንዙማ ባቲ ያደረው ወንድማችን



ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼው ነበር። በታሪኩ ውስጥ ጥፋተኛው እኔ ስለሆንኩ ነው። ስለ ራስ ጥፋት መጻፍ በሌላው ጥፋት ላይ ደርስ ከመስጠት በጣም እንደሚከብድ፣ ወላሂ፣ አሁን ነው የገባኝ።

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈር መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። አዛን እላለሁ፣ ኢቃም አደርጋለሁ፣ ልጆች አቀራለሁ፤ ሸኻችን ሲያማቸው ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግኩት መድረሳ ውስጥ ነው። ሰዉ «ኡስታዝ» ይለኛል፤ እኔም ሳላስተውል ስሙን ለምጄዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ የሰፈራችን ልጅ የሆነ ወንድም ጠጋ አለኝ። ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው። በእጁ ሠርቶ የሚያድር፣ ከሱብሂ ሶፍ ከማይጠፉት ወጣቶች አንዱ ነው።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለኝ። «እሁድ ማታ ባቲ ላይ ለመስጂድ ማሠሪያ ገቢ ማሰባሰቢያ አለ። ባለቤቴ የምትወደው ሙንሺድ ይመጣል። ይዣት ልሄድ አስቤያለሁ። ማታ መመለሻ መኪና ስለማይኖር እዚያው ማደራችን ነው። ችግር ይኖረው ይሆን?»

እንግዲህ ሶላት ስለማሳጠር ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ጥሩ አድርጌ እመልስለት ነበር። ያ የቀራሁት ነገር ነው፤ ከደሴ ባቲ ከ70 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ አብዛኞቹ ኡለማዎች ደግሞ ለማሳጠር ከ80 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይላሉ፣ ስለዚህ ሙሉውን ስገድ እለው ነበር። እሱ የጠየቀኝ ግን ኪታብ ገልጬ የማላገኘውን ነገር መሰለኝ። ቸኮልኩ።

«አይ፣ ደስ አይልም» አልኩት። «ሴት ልጅ ለሙንሺድ ብላ አገር አቋርጣ ሌላ ከተማ ስታድር ሐያእ የለውም። ገንዘቡን ለመስጂዱ ላኩ፤ መንዙማውን ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ ስሙ።»

«እሺ፣ ጀዛከላህ» ብሎ ጫማውን አንስቶ ወጣ። ፊቱን አላየሁትም። ቢመሽም ኖሮ ባይመሽም ኖሮ የማየው አይመስለኝም፤ መልስ የሰጠ ሰው ጠያቂውን ማየት ይረሳል።

በዚህ ባቆም ጥሩ ነበር። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ለጀማዓው አጠር ያለ ደርስ ነበረኝ። ርዕሴ ስለ ሐያእ ነበር። መሐል ላይ «አንዳንድ ወንድሞች ዛሬ ዛሬ ሚስቶቻቸውን ለሙንሺድ እያሉ ከከተማ ከተማ ይዘው ያድራሉ» አልኩ። ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራቴን እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር። የእኛ ሰፈር ግን ስም የማያስፈልግበት ሰፈር ነው። ሐሙስ ማታ ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ ሁሉም አይቷል።

ሸኻችን የዚያን ዕለት ከዒሻእ በኋላ አስቀሩኝ። እሳቸው ቁጣ አያውቁም፤ ሲቆጡ እንዲያውም ድምፃቸው ይቀንሳል።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ሴት ባቲ የምትሄደው ከማን ጋር ነው?»

«ከባሏ ጋር ነው፣ ሸኻችን።»

«ታዲያ ምኑ ነው አንተን የጨነቀህ?»

ዝም አልኩ።

«ዑመር (ረ.ዐ) ጠጠር ሊያነሱ ጎንበስ ያሉ ጊዜ ምን እንደተባሉ ቀርተሃል አይደል?»

ቀርቻለሁ። እንዲያውም ለልጆች አቀርቼዋለሁ። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ያለ ነው። የዒድ ዕለት ሐበሾች በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ልብ በሉ፤ ሐበሾች ናቸው፣ የኛው ሰዎች። ዑመር (ረ.ዐ) ገብተው ሲያዩ ነገሩ አልጣማቸውም፤ ሊወረውሩባቸው ጠጠር ለማንሳት ጎንበስ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው አሏቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አገራችን ስለተጠራችበት በኩራት እንተርከዋለን።

ከዚህ ታሪክ የምንዘለው ክፍል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው። ያን ጨዋታ እሳቸውም ያዩ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኩታቸው ከልለዋቸው፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ጉንጫቸውን ከጉንጫቸው አስጠግተው ያዩ ነበር። ነቢያችን እንደቆሙ ናቸው። እንሂድ አላሉም፤ ሥራ አለብኝ አላሉም። እናታችን ራሳቸው እስኪሰለቹ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ በቃሽ ወይ ብለው ጠየቁ፤ አዎ ሲሏቸው ነው ጉዳዩ ያበቃው። እናታችን ይህን ሲያወሩ ለሰሚው፣ ለጨዋታ የጓጓች ወጣት ልጅ ምን ያህል ልትቆም እንደምትችል እናንተው ገምቱ የሚል ሐሳብ ጨምረውበታል።

እስቲ አስቡት። ያ ሰው የአላህ መልእክተኛ ነው። የኡማው ሸክም ሁሉ ትከሻው ላይ ነው። ሚስቱ ማየት የፈለገችውን ነገር እስክትጠግብ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ይህን ሐዲስ በቃሌ ይዤ፣ ዓረብኛውን ከነ ሰነዱ ይዤ፣ አንድ ሙስሊም ወንድም ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ሲያማክረኝ ጎንበስ ብዬ ጠጠር ፈለግኩ።

ሸኻችን ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ራሳቸው ጠርተው ሂዱ፣ አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ አሏቸው። ለእኔ ደግሞ «ቃልህን የምትመልሰው ያወጣህበት ቦታ ላይ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን አልመለስኩም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የማላውቀው ነገር ነበር። ይህን የምጽፈው እህታችን ራሷ «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ አታንሳ» ስላለችኝ ነው። ከዚያ ጉዞ አራት ወር በፊት የስድስት ወር ፅንስ ወጥቶባታል። ከዚያ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ጎረቤት ቡና ሲጠራት አሞኛል ትላለች። ሶላቷን ትሰግዳለች፣ ምግብ ትሠራለች፣ ሌላ የለም። ባሏ የሚያደርገው ጠፍቶበታል። ሐኪም ቤት ወስዷታል፣ እናቷን ከገጠር አምጥቶላታል። አንድ ቀን ሥራ ቦታው መኪና ላይ በሞንታርቦ የባቲውን ፕሮግራም ሲያስተዋውቁ ሰማ። የሙንሺዱን ስም ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ወደ ቤት ሮጠ። ሚስቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአያቷ ጋር በካሴት ስትሰማው ያደገችው ሰው ነው። ሲነግራት መጀመሪያ አልመለሰችለትም። ማታ ሲተኙ ግን «የምለብሰው ድሪያ ታጥቦ ይደርሳል?» አለችው። በአራት ወር ውስጥ ስለ ነገ ስትጠይቅ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ ጋ የመጣው ይህን ይዞ ነው። አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጉዞውን የነገረኝ በኋላ ነው፤ እሱ እንደነገረኝ ላውጋችሁ።

እሁድ ዙህርን ሰግደው ከደሴ መናኸሪያ ተሳፈሩ። ኮምቦልቻ ወርደው መኪና ቀየሩ። የደሴን ብርድ ለምዶ የባቲን መንገድ የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ጋቢው ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ከዚያ መስኮት ክፈቱ መባል ይጀመራል። እሷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ ስታይ ሄደች። እሱ ደግሞ እሷን።

ባቲ ሲደርሱ አልጋ የለም። ለፕሮግራሙ ከየአቅጣጫው ሰው መጥቷል፤ በዚያ ላይ በማግስቱ ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ቀን። ነጋዴውም ከዋዜማው ገብቷል። ሦስተኛው አልጋ ቤት ላይ አንድ ክፍል ተገኘ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው «ባልና ሚስት ናችሁ?» አሉ። ወንድማችን ከመታወቂያው ኋላ አጣጥፎ የያዘውን የኒካሕ ወረቀት አወጣ። ለምን እንደያዘው እሱም አያውቅም። ይሄኔ እህታችን ሳቀች። «ከተጋባን ጀምሮ ይቺ ወረቀት ሥራ ስትሠራ ዛሬ ገና ነው» አለችው። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ወረቀቱን ሳያነቡ ቁልፉን ሰጡ።

ፕሮግራሙ በጅምር ካለው መስጂድ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ነው። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል፣ መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ስለዚህ አብረው ሄደው አብረው አልተቀመጡም፤ አንድ ላይ ሙንሺድ ፊት ተቃቅፈው የተቀመጡ መስሏችሁ ያዘናችሁ ካላችሁ አብሽሩ። እሱ ያያት የነበረው በስልኩ ነው። አንዱ መንዙማ ሲያልቅ መልእክት ትልክለታለች፦ «ይቺን ሰማሃት?» ሌላው ሲጀመር፦ «ይቺ የአያቴ ናት።» ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልላከችም። ኋላ እንደነገረችው እያለቀሰች ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ የማታውቃቸው እናት ምንም ሳይጠይቋት ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ በሌላ እጃቸው እያጨበጨቡ መንዙማውን ይቀበሉ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ባቲ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱም ስም ነው። አምባሰልም እንደዚያው። ወሎ ለአገሩ ዜማ ስም ያወጣ ምድር ነው። መንዙማ ደግሞ በዚህ ምድር ለመዝናኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ጃማ ንጉሥን ማዕከል አድርገው ካስተማሩ ጀምሮ፣ ኪታብ ማንበብ ያልቻለው ገበሬና እረኛ ዲኑን የተማረው፣ ነቢዩን የወደደው በብዛት በመንዙማ ነው። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በዐጼ ዮሐንስ ዘመን ሃይማኖትህን ቀይር የተባለውን ሕዝብ ይዘው ሲታገሉ፣ በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ መንዙማ ይጽፉ ነበር። ይህን የማነሳው በመንዙማ፣ በመውሊድና በድቤ ጉዳይ በኡለማዎቻችን መካከል ልዩነት እንዳለ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቃለሁ፤ የማይቀበሉትን ወንድሞች አከብራለሁ። ዛሬ ያን በር አልከፍትም። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው፦ ባልና ሚስት ሐላል ነው ብለው የያዙትን ነገር ለመስማት አብረው መንገድ ሲወጡ ለምን ዓይናችን ይቀላል?

አያቶቻችን እኮ እንዲህ አልነበሩም። የኔ አያት ከባሏ ጋር ለመውሊድ ወደ ጃማ ንጉሥ ሁለት ቀን በእግሯ ትሄድ ነበር። መንገድ ላይ በማያውቁት ሰው ቤት ያድራሉ፤ ስንቋን ተሸክማ፣ እሱ በቅሎውን እየሳበ። ማንም ሐያእ የላትም አላላትም። ስትመለስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ምን ሰማሽ፣ ምን ዱዓ ተደረገ ብሎ ይጠይቃት ነበር። የመንዙማውን ዜማ ይዛ የምትመለሰው እሷ ናት፤ አያቴ ዜማ አይዝም ነበር።

ወደ ባቲ ልመለስ። ፕሮግራሙ ያለቀው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ወንዶቹ ወጡ። በሴቶቹ በኩል ግን አላለቀም፤ ትልልቆቹ እናቶች ድቤ ይዘው የራሳቸውን ዱበርቲ ጀምረዋል። ወንድማችን ውጭ፣ ከሌሎች ሚስትና እህት ከሚጠብቁ ወንዶች ጋር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ።

«ስልክ ይዛለች፤ ለምን ደውለህ አልጠራሃትም?» አልኩት።

«እስክትጠግብ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ ይህ ልጅ ሐዲሱን አልቀራውም። ጠይቄዋለሁ፤ የሐበሾቹን ጨዋታ እንጂ ስለ እናታችን መጠበቅ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ዓመታት ቀርቼው ያልሠራሁበትን እሱ ሳይቀራው ሠራበት።

ሁሉም ነገር ማር አልነበረም። አልጋ ቤታቸው ሲደርሱ ተጣልተዋል። ገንዘብ ሲሰበሰብ እህታችን የጣቷን ቀለበት አውልቃ ሰጥታለች። ወንድማችን ባዶ ጣቷን ያየው መብራት ሥር ነው። ቀለበቷን እሱ ነው ለኒካሓቸው በመህር የገዛላት፤ ስንት ወር ሠርቶ። «ቢያንስ አትጠይቂኝም?» አላት። እሷም «የኔ አይደለችም እንዴ?» አለችው። ጀርባ ተሰጣጥተው ተኙ።

በዚህ ጉዳይ ግን እኔ ፈትዋ አያስፈልገኝም፤ ግልጽ ነው። መህር የሴቷ ሐቅ ነው። በዒድ ቀን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን ሶደቃ ስጡ ሲሏቸው ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ቢላል (ረ.ዐ) በዘረጉት ልብስ ላይ ይጥሉ ነበር። ባሎቻቸውን ሊያስፈቅዱ ወደ ቤት ተመልሰው ሄዱ የሚል አልተዘገበም። ቢያማክሩት ግን ጥሩ ነው፤ ይህንንም ለእህታችን ነግሬያታለሁ። ሳቀችብኝ። «ብነግረው ኖሮ ሌላ ብር ሰጥቶ ቀለበቷን ያስቀራት ነበር፤ እኔ ደግሞ መስጠት የፈለግኩት እሷን ነው» አለች። ለምን እሷን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አራት ወር የተቀመጠችበት ሐዘን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ለሱብሂ የነቃው እሱ ነው። ቀሰቀሳት። እዚያው ጅምር መስጂድ ሄደው ሰገዱ። ከዚያ ገበያ ገቡ። ባቲን በሰኞ ያላየ ሰው ብዙ ነገር ቀርቶበታል፤ አፋሩ ከግመሉ ጋር፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ሁሉም እዚያ ነው። እህታችን የግመል ወተት ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ እሱ ሳቀ፤ ታረቁ። ስለ ቀለበቷ ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱም። በቀሪው ብር ለእናቷ ሽቶና ለጎረቤት ቡና የሚጠሯትን እናት ዕጣን ገዛች። ዕጣን ገዛች ማለት ቡና ልትሄድ ነው ማለት ነው፤ ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆረጠ።

አሁን ወጣት ወንድሞቼን ልጠይቅ። የእንግሊዝ ቡድን ሲጫወት እስከ ሌሊት ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ የምትቀመጡት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ለዋንጫ ጨዋታ ከከተማ ከተማ የሄዳችሁ የላችሁም? ቤት ያለችዋ ሚስታችሁ የት አመሸህ ብላ ስትጠይቅ የምትመልሱት ምንድን ነው? አንድም ቀን ማንም ኡስታዝ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «አንዳንድ ወንድሞች ለኳስ እያሉ» ብሎ በእናንተ ላይ ደርስ አውጥቷል? አላወጣም። ወንድ ለብቻው ሲሄድ ዝም ያለ ምላስ፣ ሚስቱን ይዞ ሲሄድ ተፈታ። ሚዛናችን የት ላይ እንደተጣመመ እዩ።

«ሴት ልጅ መንገድ መውጣቷ እኮ ሐዲስ አለው» የሚለኝ ይኖራል። አለው። ሐዲሱ የሚለው ያለ መሕረም አትጓዝ ነው፤ እዚህ ባሏ አብሯት አለ። እንዲያውም ያው ሐዲስ በኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ዘገባ እንዴት እንደሚቀጥል አንብቡ። አንድ ሰው ተነስቶ ሚስቴ ለሐጅ ወጥታለች፣ እኔ ደግሞ ለዘመቻ ተመዝግቤያለሁ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሂድና ከሚስትህ ጋር ሐጅ አድርግ አሉት። ዘመቻውን ትተህ ከሷ ጋር ሂድ! ይህን ሐዲስ ሴትን ቤት ለማስቀመጥ ብቻ የምንጠቅሰው ሰዎች፣ ወንዱን ከሥራው አስነስቶ መንገድ የሚያስገባው እሱው ሐዲስ መሆኑን እንዘነጋለን።

ይህን ስል ድንበር የለም ማለቴ አይደለም። ሙንሺድ ሰው ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ የማየው ነገር ያስፈራኛል፤ ለፎቶ መጋፋት፣ መጮህ፣ ነቢዩን ሊያስወድድ የመጣውን ሰው ራሱን ከልክ በላይ መውደድ። የሌሊት መንዙማ ሰምቶ ሱብሂን በእንቅልፍ ያሳለፈ ሰው ከሁለቱ ዋናውን ጥሏል። የቤት ኪራይ ሳይከፍል ለጉዞ የሚበደርም አለ። ይህ ሁሉ የሚነገር ነገር ነው፣ እኔም እናገረዋለሁ። ግን ሰውዬው ሳይጠፋ አስቀድሞ ጠጠር አይነሳበትም።

አሁን የፈራሁት ክፍል ላይ ደረስኩ።

ሰኞ ሲመለሱ እህታችን ዕጣኗን ይዛ ጎረቤት ቡና ሄደች። እዚያ አንዷ «ኡስታዙ በደርሱ ያነሳው እናንተን ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። በክፋት አይደለም፤ ወሬ ነው። እህታችን ቡናውን ሦስተኛውን ሳትጠጣ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ከሴቶች ደርስ ቀረች። ባሏም ከሱብሂ ሶፍ ጠፋ፤ ሌላ መስጂድ እየሄደ ይሰግድ ነበር። አንድ ሌሊት የገነባላቸውን እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረስኩት።

እኔ እነዚህን ሁለት ሳምንታት ምን እሠራ ነበር? ሸኻችን ያሉኝን ሳላደርግ እመላለስ ነበር። በየቀኑ ከዐስር በኋላ እነሳና ሌላ ርዕስ አወራለሁ። ለራሴ «ስም ስላልጠራሁ ማስተባበልም አያስፈልግም» እለው ነበር። ነፍስ ፊቅህ ታውቃለች።

ሸኻችን አንድም ቀን አላስታወሱኝም። ብቻ በሁለተኛው ዓርብ ከሱብሂ በኋላ ወንድማችን ይቆምበት የነበረውን ቦታ በዓይናቸው አሳዩኝና ወጡ።

የዚያን ዕለት ከዐስር በኋላ ያው ቦታ ላይ ተነሳሁ። «ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ ቆሜ ሚስቶቻቸውን ይዘው ስለሚሄዱ ወንድሞች የተናገርኩት ስሕተት ነው። የተናገርኩት ሳልጠይቅ ነው፣ ሳላውቅ ነው። ሐዲሱም የሚለው ከኔ በተቃራኒ ነው» ብዬ የእናታችንን ሐዲስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው። አንዳንዱ ደነገጠ። አንድ ሽማግሌ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሰግዳለሁ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩ ቀን እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

ከመግሪብ በኋላ ከሸኻችን ጋር ቤታቸው ሄድን። ወንድማችን በሩን ከፈተ፤ እኔን ሲያይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ «ግቡ» አለ። እህታችን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰላምታችንን መለሰች። ዐፉ በሉኝ አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከዚያች ቃል ውጭ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ዐፉ ብያለሁ፣ ኡስታዝ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፦ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተ ባለቤት የማንን መንዙማ ነው የምትወደው?»

ሸኻችን ወደ እኔ ዞሩ። ወንድማችንም ዞረ። ካገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። አላውቅም ነበር።

ያን ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምን ሆነሃል ብላ ግንባሬን ነካችው። ስደጋግምባት ነገረችኝ። ስሙን የምናውቀው ሙንሺድ አይደለም። ካሴትም የላቸውም። እሷ ያደገችበት መንደር ያሉ፣ የሴቶቹን ዱበርቲ በድቤ የሚመሩ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ልጅ ሆና ሐሙስ ሐሙስ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ትሰማቸው ነበር። አሁንም በሕይወት አሉ አለችኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ድቤውን አልተውም።

ከመኪና ከወረዱ በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ከዒድ በኋላ እንሄዳለን ኢንሻአላህ። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።

ወላሁ አዕለም።